ሞምባሳ ለአራት ሌሊት፦ ሳትሯሯጡ የምታርፉበት ዕቅድ

"ሞምባሳ ለአጭር ዕረፍት ብሄድ ምን ላዘጋጅ? የትስ ልረፍ?" የሚለውን ጥያቄ ከወዳጆቼም ከማላውቃቸው ሰዎችም ደጋግሜ እሰማለሁ። ባሕር ለሌለን ለእኛ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚርቅ የውቅያኖስ ዳርቻ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ለማረፍ ሄዶ ደክሞ ይመለሳል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ የሚያድርበትን ሰፈር ሳያጣራ ይመርጣል፣ ወይ የባሕሩን ሰዓት ሳያይ ቀኑን ያቅዳል። እነዚህን ሁለቱን ካስተካከላችሁ ሌላው ቀላል ነው።

መመሪያው ለአራት ሌሊትና ለሦስት ሙሉ ቀን የተዘጋጀ ነው። ከዚህ ካነሰ ዕረፍቱ በመንገድ ያልቃል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቢያንስ ስድስት ወር የአገልግሎት ጊዜ የቀረው ፓስፖርት፣ ከነፎቶ ኮፒው
- የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ
- የሆቴልና የደርሶ መልስ ቲኬት ማረጋገጫ፣ በስልክም በወረቀትም
- ከእግር የማይወልቅ የጎማ ጫማ ወይም ሳንዳል፣ ውሃ ውስጥ የሚገባበት
- የፀሐይ መከላከያ ክሬም (ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ)፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽር
- የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ለማታ ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ልብስ
- ሁለት የዋና ልብስ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ለመልበስ
- ነጠላ ወይም ስስ ሻርፕ
- ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው የእንግሊዝ ዓይነት አዳፕተር
- ለምለም ወይም ሌላ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት)፣ የራስ ምታት መድኃኒት፣ የቁስል ፕላስተር
- የጨርቅ ቦርሳ

አንዳንዶቹን ላብራራ። አዳፕተሩ የተካተተው የኬንያ ሶኬት ከእኛ ስለሚለይ ነው። የጨርቅ ቦርሳው ደግሞ ኬንያ ከ2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፕላስቲክ ፌስታል ስለከለከለች ነው። ዕቃችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ነጠላውን ከፀሐይም ለመከላከል፣ በአሮጌው ከተማ ስትዘዋወሩ ትከሻ ለመሸፈንም፣ አሸዋ ላይ ለመቀመጥም ትጠቀሙበታላችሁ። ከሻንጣችሁ ሁሉ በብዛት የሚያገለግላችሁ እሱ ይሆናል።

1. መጀመሪያ ወሩን ምረጡ፣ ከዚያ ቀኑን

ቲኬት ረከሰ ብላችሁ አትነሱ። የሞምባሳ ባሕር እንደ ወሩ ይለዋወጣል።

ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ሞቃት ነው፤ ባሕሩ ግን የረጋና የጠራ ነው። ውሃ ውስጥ ዓሣና ኮራል ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ዋናው ዝናብ ይወርዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ከደቡብ በኩል ነፋስ ይነፍሳል፣ ባሕሩ ይነሣሣል፣ ዳርቻው ላይም የባሕር ሣር ይከማቻል። በጥቅምትና በኅዳር አጭር ዝናብ አለ።

ይህን ከእኛ በዓላት ጋር አስተያዩት። ፋሲካ ብዙ ጊዜ የሚውለው ከባዱ ዝናብ ላይ ነው። የፋሲካን ሰሞን ለሞምባሳ ያሰበ ሰው መስኮት ላይ ተቀምጦ ዝናብ ሊያይ ይችላል። እንቁጣጣሽ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱ አይከብድም፣ የተወሰነ ነፋስ ግን ጠብቁ። ለእኔ ምርጡ ከገና ማግስት እስከ ጥምቀት ማግስት ያለው ጊዜ ነው። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ግርግር አልፏል፣ የሆቴል ዋጋ ወርዷል፣ ባሕሩም ረግቷል።

ጥንቃቄ፦ ከፈረንጆቹ ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ባሉት ቀናትና በኬንያ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሰሞን፣ በተለይ በነሐሴ፣ ናይሮቢ ወደ ባሕሩ ትወርዳለች። ያን ጊዜ ዋጋው ይጨምራል፣ ዳርቻውም ይጨናነቃል።

ወሩን ከቆረጣችሁ በኋላ በረመዳን ላይ መዋሉን እዩ። ከዋለ አሮጌው ከተማ ውስጥ ቀን ቀን የሚከፈት ምግብ ቤት ጥቂት ነው። ማታ ግን ከተማው ደማቅ ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራማችሁን ወደ ማታ አዙሩት።

2. ሰነዱንና ጤናውን ከሁለት ሳምንት በፊት ጨርሱ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለአጭር ጉብኝት ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል ፓስፖርት የምትጓዙ ግን በኢንተርኔት የሚሞላውን ኢቲኤ የተባለ የጉዞ ፈቃድ ቀድማችሁ ማውጣት አለባችሁ። ቤተሰብ ተጠራርቶ ከተለያየ አገር ሲገናኝ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። አንዱ በነፃ ይገባል፣ እህቱ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ደንቡ ስለሚሻሻል ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኬንያ ኢሚግሬሽንን ገጽ ተመልከቱ።

የቢጫ ወባ ካርድ የግድ ይኑራችሁ። ክትባቱ ሕጋዊ ዋጋ የሚኖረው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በመሄጃ ዋዜማ ብትከተቡ ካርዱ ተቀባይነት የለውም። አንዴ ከተከተባችሁ ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ወባም አለ። የደጋ ሰው ከሆናችሁ ሰውነታችሁ ወባን አያውቃትም። ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም አነጋግሩና የመከላከያ ክኒን ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ልጅ ካለ ይህ ንግግር አይዘለልም። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከተሰማችሁ "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አትለፉት። ተመርመሩ፣ ሞምባሳ እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

3. አገባባችሁን ወስኑ

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከአዲስ አበባ ወደ ሞምባሳ በቀጥታ መብረር ነው። ሌላው ናይሮቢ ወርዶ በባቡር መሄድ ነው። ባቡሩ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ በመስኮቱ የጻቮ ፓርክ ይታያል፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ ዝሆንም አለ።

ለአራት ሌሊት የምመክረው ቀጥታውን በረራ ነው። በባቡር ለመሄድ የናይሮቢው ጣቢያ ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ ሲዮኪማኡ ነው፤ የሞምባሳውም ሚሪቲኒ ነው፣ እሱም ከመሀል ይርቃል። የሻንጣ ፍተሻውን ስትጨምሩበት በሁለቱም አቅጣጫ አንድ አንድ ቀን ይበላል። ባቡሩ የሚጥመው ሳምንት ላለው ሰው ነው። የግድ ከሆነ ቲኬቱን ቀድማችሁ ግዙ፤ ዓርብና እሑድ ቶሎ ይሞላል።

4. አንድ ሰፈር ምረጡ፣ ከዚያም አትነቃነቁ

የዕቅዱ ግማሽ ይህ ነው። የሞምባሳ መሀል ከተማ ደሴት ነው። አሮጌው ከተማ፣ ፎርት ጂሰስ የተባለው ጥንታዊ ምሽግ፣ ገበያውና ወደቡ እዚያ ናቸው። የምትዋኙበት ነጭ አሸዋ ግን ደሴቱ ላይ የለም። በስተ ሰሜን በኒያሊ ድልድይ ትሻገራላችሁ፤ ኒያሊ፣ ባምቡሪና ሻንዙ ተከታትለው ይገኛሉ። በስተ ደቡብ በሊኮኒ ጀልባ ወይም በአዲሱ የዶንጎ ኩንዱ መንገድ ዞራችሁ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ ዲያኒ ትደርሳላችሁ።

አመራረጡ እንዲህ ነው፦

- ኒያሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድና ከልጆች ጋር ለሚሄድ። ሱፐርማርኬት፣ ሐኪም ቤትና ምግብ ቤት ቅርብ ነው፤ አሮጌው ከተማም ሩቅ አይደለም።
- ባምቡሪና ሻንዙ ከሆቴሉ ግቢ ሳይወጣ መዋልን ለሚፈልግ።
- ዲያኒ ጸጥታንና ረጅም አሸዋን ለሚፈልግ። ከተማውን ማየት ግን ተዉት፤ ተመላልሳችሁ አትችሉትም።
- ደሴቱ ላይ ማደር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ለመዋኘት በየቀኑ ድልድይና የመኪና መጨናነቅ ይጠብቃችኋል።

"ሁለት ሌሊት ኒያሊ፣ ሁለት ሌሊት ዲያኒ" የሚል ዕቅድ በብዛት አያለሁ። ወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን ሻንጣ ስትሸክፉ፣ ቁልፍ ስታስረክቡ፣ ሊኮኒ ላይ ስትሰለፉ፣ አዲስ ክፍል ስትጠብቁ አንዱ ሙሉ ቀን ይሄዳል። ካላችሁ ሦስት ቀን አንዱን ለመንገድ አትስጡ።

ክፍል ከመያዛችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

ዋጋው ለክፍሉ ነው ለአንድ ሰው? የኬንያ የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች ብዙ ጊዜ ዋጋ የሚናገሩት "ሁለት ሰው ሲጋራ፣ ለእያንዳንዱ ሰው" በሚል ስሌት ነው። ያያችሁት ቁጥር በሁለት ሊባዛ ይችላል።

ቁርስ ብቻ ነው፣ ቁርስና እራት ነው፣ ወይስ ሦስቱም ጊዜ? ቁርስና እራት ያለው ይሻላል። ምሳችሁን ደስ ባላችሁ ቦታ ትበላላችሁ፣ ማታ ግን ደክሟችሁ ምግብ ፍለጋ አትወጡም።

ኤር ኮንዲሽነሩ ሒሳብ ውስጥ ነው? በተለይ የሚከራይ አፓርታማ ከሆነ መብራቱ በቅድሚያ በሚሞላ ካርድ ሊሆን ይችላል፤ ያን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። በጥርና በየካቲት ያለ እሱ መተኛት ለደጋ ሰው ከባድ ነው።

አጎበር አለ? ከአልጋው ላይ ካልተሰቀለ እንዲሰቅሉላችሁ ጠይቁ።

ጥንቃቄ፦ በስልክ ብቻ ላገኛችሁት ሰው ሙሉ ክፍያ አትላኩ። ቀብድ ከተጠየቃችሁ ደረሰኝ ጠይቁ፣ ቤቱም ከሌሎች እንግዶች የተሰጠ አስተያየት እንዳለው ተመልከቱ።

5. የባሕሩን ሰዓት እዩ

ባሕር እንደ ሐይቅ ባለበት አይቆምም። ሞምባሳ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በመካከላቸው ያለው ከፍታ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ከ3 ሜትር በላይ ይለያያል። ሲሸሽ ውሃው ርቆ ይሄዳል፤ ድንጋይ፣ የባሕር ሣርና ኩሬ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ መዋኘት አይቻልም። ሲሞላ ደግሞ አንዳንዱ ቦታ ላይ አሸዋው ራሱ ይጠፋል፣ ውሃው የሆቴሉን ግንብ ይመታል።

ይህን የማያውቅ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ይወርዳል፣ ባሕሩን ያጣዋል፣ ተበሳጭቶ ከተማ ይገባል፤ ውሃው ሞልቶ የሚያምርበት ሰዓት ላይ እሱ መንገድ ላይ ተዘግቶበታል። ባሕር ዳር ሄዶ ሳይዋኙ የመመለስ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ከመሄዳችሁ በፊት የሞምባሳን የውሃ ሙላትና ሽሽት ሰንጠረዥ በኢንተርኔት ፈልጋችሁ የአራቱን ቀን ጻፉት። ሰንጠረዡ በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 16፡15 ማለት በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ነው። የኬንያ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ስለሆነ ሌላ ማስተካከያ አያስፈልገውም።

ለ. ከሽሽት እስከ ሙላት ስድስት ሰዓት ገደማ እንደሆነ፣ ሁሉም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እንደሚገፋ ያዙ። ሰኞ ውሃው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጨርሶ ከሸሸ፣ የሚሞላው ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ማክሰኞ ሙላቱ ወደ 11 ሰዓት ይጠጋል።

ሐ. የዋና ሰዓታችሁን ሙላቱ ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ጀምሩ። ውሃው እየሞላ ሲመጣ ወደ ዳርቻው ይገፋችኋል። ሲሸሽ ግን ወደ ውጭ ይጎትታል፣ በተለይ የኮራሉ አጥር በተከፈተበት በኩል።

መ. የሽሽቱን ሰዓት ለእግር ጉዞ ተጠቀሙበት። በኩሬዎቹ ውስጥ ኮከብ ዓሣ፣ ሸርጣንና ትንንሽ ዓሦች ይታያሉ። ልጆች ከዋናው ይልቅ ይህን ይወዱታል። የጎማ ጫማችሁን ግን አድርጉ፤ ጥቁር እሾሃማው የባሕር ጃርት በድንጋዩ መሀል ተቀምጧል። ከተወጋችሁ የሚታየውን እሾህ ቀስ አድርጋችሁ አውጡ፣ እግራችሁን በማያቃጥል ሞቅ ያለ ውሃ ነክራችሁ ቆዩ፣ ጠልቆ የቀረ ካለ ክሊኒክ ሂዱ። በጉልበት አትጭመቁት፤ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

ጥንቃቄ፦ በሽሽት ጊዜ በእግር ወደ ኮራሉ ርቃችሁ ስትሄዱ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። ውሃው ሲመለስ ከኋላችሁ ያለውን ዝቅተኛ ቦታ ቀድሞ ሊሞላው ይችላል። ሽሽቱ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ወደ ዳርቻው መመለስ ጀምሩ።

6. ገንዘብና ስልክ

ብር ሞምባሳ ላይ አይመነዘርም ብላችሁ ተነሡ። ፓስፖርትና ቲኬት ይዛችሁ ከባንክ ዶላር ግዙ። ያላረጁ፣ ያልተጻፈባቸው ኖቶች ጠይቁ፤ አሮጌ ኖት አንቀበልም የሚሉ ምንዛሪ ቤቶች አሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ሽልንግ አትለውጡ።

ኤርፖርት ስትደርሱ በፓስፖርታችሁ ሲም አውጡና ኤም-ፔሳ ክፈቱበት። ኬንያ ላይ ከባጃጅ እስከ ኮኮናት ሻጭ በኤም-ፔሳ ይከፈላል፤ መልስ የለም የሚል ጭቅጭቅም ይቀራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ ኤም-ፔሳ ከዚህኛው የተለየ ነው፣ በእሱ አትተማመኑ።

ለመንቀሳቀስ በስልክ የሚጠራ መኪና አለ፤ ኡበርና ቦልት ሞምባሳ ይሠራሉ። ለቅርብ መንገድ ባጃጅ፣ እነሱ "ቱክቱክ" የሚሉት፣ በቂ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ። ማታቱ የኛው ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ከሻንጣ ጋር አይሆንም።

ቀጠሮ ስትይዙ አንድ ነገር አስተውሉ። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ነው፤ በስዋሂሊ "ሳ ታቱ" ካላችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ያው ሾፌር በእንግሊዝኛ ሲያወራ ግን ወደ ፈረንጁ አቆጣጠር ይዞራል። ስለዚህ ኤርፖርት የሚወስዳችሁን ሰው ሰዓቱን በጽሑፍ፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር (እንደ 16፡00 ባለ) አረጋግጡት።

7. ለቀኑ አንድ ነገር ብቻ መድቡ

ሦስት ሙሉ ቀን አላችሁ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ የሚታይ ነገር ብቻ ያዙ፣ ቀሪው የባሕሩ ነው። ሁለተኛ ነገር ስትጨምሩ ሰዓት ማየት ትጀምራላችሁ።

የደረሳችሁበት ቀን ምንም አታቅዱ። ከአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ወርዳችሁ ባሕር ጠለል ላይ ገብታችኋል። ሙቀቱና እርጥበቱ ያደክማል። ውሃ በብዛት ጠጡ፣ የታሸገ ይሁን፤ ብዙ ቤት የቧንቧው ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣና ጨው ጨው የሚል ነው። ራስ ምታት ከጀመራችሁ ኦአርኤሱን በጥብጡ። ሳይጨልም በባዶ እግር አሸዋው ላይ ሃያ ደቂቃ ተራመዱ፣ ማታ በጊዜ ተኙ።

ቀን አንድ፦ ባሕሩ ብቻ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ውረዱ። ዳርቻው ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ፀሐይ የምትወጣው ከውሃው ነው። ብዙ ሰው ማታ ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት ይወርዳል፤ እሷ ግን የምትጠልቀው ከኋላ፣ ከሆቴሉ በስተጀርባ ነው። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ፀሐዩ ከባድ ነው። ሙላቱ በዚያ ሰዓት ከዋለ ቲሸርት ለብሳችሁ ግቡ። ጠይም ቆዳም ይቃጠላል፤ ክሬሙን ከውሃ በወጣችሁ ቁጥር ድገሙት።

ቀን ሁለት፦ ከተማው። ይህን ቀን ሽሽቱ ረፋድ ላይ የሚውልበት አድርጉት። ፎርት ጂሰስ ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል፤ በዚያው ሰዓት ድረሱ፣ ግቢው ጥላ ስለሌለው ከ4 ሰዓት በኋላ ይፈላል። ከዚያ ከጎኑ ባለው አሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች ቀስ እያላችሁ ሂዱ፣ የተቀረጹትን በሮች እዩ፣ ማሪኪቲ ገበያ ቅመም ግዙ። ሄል፣ ቀረፋና ቁንዶ በርበሬ ከምታውቁት ዋጋ ጋር አስተያዩ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ ሰፈሩ የሙስሊም ሰፈር ነው፣ ሰው ይኖርበታል። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ሱቅ ይዘጋል።

ወደ ማምሻው በማማ ንጊና ዳርቻ ተቀመጡ። የተጠበሰ ካሳቫ በሎሚና በሚጥሚጣ፣ ከጎኑ እሸት ኮኮናት። መርከቦቹ ወደ ወደቡ ሲገቡ በዚያ ያልፋሉ።

ቀን ሦስት፦ ጀልባ ወይም ቀጭኔ። የሞምባሳ የባሕር ፓርክ ከኒያሊና ከባምቡሪ ፊት ለፊት ነው። ሥሩ መስታወት በሆነ ጀልባ ዋና የማይችል ሰውም ኮራሉን ያያል። የፓርኩ መግቢያ በመንግሥት የኢንተርኔት መክፈያ ነው የሚከፈለው፤ የጀልባው ሰው የነገራችሁ ዋጋ መግቢያውን ይጨምር እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ። ልጅ ካለ ባምቡሪ ያለው ሃለር ፓርክ ጥሩ ነው፤ ቀጭኔ በእጅ የሚመገብበት ሰዓት አለ፣ ደውላችሁ ጠይቁ።

ጥንቃቄ፦ በአየር ጋን ባሕር ውስጥ ጠልቃችሁ ከሆነ ከበረራችሁ በፊት ቢያንስ 24 ሰዓት ይለፍ። ጠልቆ ቶሎ መብረር ደም ውስጥ አየር ያፈላል፤ አዲስ አበባ ራሷ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጉዳዩ ለእኛ የበለጠ ነው። መጥለቅ የምትፈልጉ ከሆነ ቀን አንድ ላይ አድርጉት።

8. ምግቡን አስቀድማችሁ አስቡበት

የሞምባሳ ሥጋ በአብዛኛው ሐላል ነው። ለሙስሊም ወገኖቻችን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሥጋው ያልተስማማው ኦርቶዶክስ ደግሞ ዓሣው አለለት፤ በኮኮናት ወተት የተሠራው "ሳማኪ ዋ ኩፓካ" ይባላል፣ ሳትቀምሱ አትመለሱ።

ለጾመኛ አገሩ አይከብድም። በኮኮናት የተሠራ ቦሎቄና "ምባዚ" የሚሉት የእርግብ አተር ቁርስ ላይ ይቀርባል። አብሮት የሚመጣው "ማሐምሪ" ፓስቲ የሚመስል ነው፤ ወተት ወይም እንቁላል እንዳለበት ጠይቁ፣ እንደ ቤቱ ይለያያል። ሻይ ስትሉ ወተት ያለው ሊመጣ ስለሚችል "ቻይ ያ ራንጊ" በሉ፣ ጥቁር ሻይ ያመጣሉ። ሆቴሉን ስትይዙ ጾመኛ መሆናችሁን ጻፉላቸው። ቡፌ ላይ ደርሳችሁ ከመፈለግ ይሻላል።

9. በዳርቻው ላይ

የኬንያ ዳርቻ የሕዝብ ነው፤ ከሆቴሉ በር ወጥታችሁ አሸዋው ላይ ስትደርሱ የሚሸጥላችሁ፣ ጀልባ የሚያቀርብላችሁ፣ ግመል የሚያስቀምጣችሁ ሰው ይመጣል። ሥራቸው ነው። ካልፈለጋችሁ ፈገግ ብላችሁ "ሐፓና አሳንቴ" በሉና መንገዳችሁን ቀጥሉ። "ነገ" አትበሉ፤ ነገ ስማችሁን ጠርቶ ይመጣል፣ እውነቱንም ነው፣ ቃል ገብታችሁለታል። ልትገዙ ካሰባችሁ ደግሞ ዋጋ ተከራከሩ፣ ግን ያዘዛችሁትን ውሰዱ።

ከጨለመ በኋላ ጭር ባለ ዳርቻ አትሂዱ። ስልክና ፓስፖርት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ የፓስፖርቱን ኮፒ ያዙ። በሊኮኒ ጀልባና በወደቡ አካባቢ ካሜራ አታውጡ፣ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

ዋና የማትችሉ ከሆነ ወገባችሁ ድረስ ብቻ። ጨው ውሃ ያንሳፍፋል የሚለው እውነት ነው፣ ግን ሰው ከመስጠም አያድንም። ልጅን ዓይን ብቻ ሳይሆን እጅ ይጠብቀው፣ ክንድ በሚደርስበት ርቀት።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

የመልስ በረራን ጠዋት ማድረግ። ለመጨረሻው ቀን ባሕር አይቀርላችሁም፣ ማታውም በሻንጣ ያልቃል። የከሰዓት በረራ ከተገኘ እሱን ያዙ።

አዲስ ጫማና ብዙ የክት ልብስ መያዝ። አራት ስስ ጥጥ ልብስ ይበቃል፤ እዚያ ማንም ሙሉ ልብስ አይለብስም።

ከቤተሰብ ጋር ሆኖ ዕቅዱን ለብቻ መወሰን። እናት አሸዋ ላይ ለመቀመጥ፣ ጎረምሳው ለመዋኘት፣ ባል እግር ኳስ ለማየት ሊመጣ ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት እያንዳንዱ የሚፈልገውን አንድ ነገር ይናገር፣ ሦስቱ ቀን ከዚያ ይሞላ።

እሑድን በሕዝቡ ዳርቻ ለማረፍ ማሰብ። ባምቡሪ ያለው የጆሞ ኬንያታ የሕዝብ ዳርቻ እሑድ ጢም ይላል። ጨዋታና ሙዚቃ ከፈለጋችሁ በጣም ደስ ይላል፤ ጸጥታ ከፈለጋችሁ በአዘቦት ቀን ሂዱ።

10. የመውጫው ቀን

ክፍል የሚለቀቅበትን ሰዓት ማታውኑ ጠይቁ፤ በረራችሁ ዘግይቶ ከሆነ ሻንጣ ተቀብለው መዋኛውን እንድትጠቀሙ የሚፈቅዱ ሆቴሎች ብዙ ናቸው። የዋና ልብሳችሁን ጠዋት አታርጥቡት፣ እርጥብ ሻንጣ ኪሎ ይጨምራል፣ ይሸታልም።

ዛጎል፣ ኮራልና ከዔሊ ቅርፊት የተሠራ ጌጥ አትያዙ። ከአሸዋ ላይ ያነሣችሁት ቢሆንም ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ያስቀጣል፣ ሻንጣ ፍተሻ ላይም ይታያል። ለቤት የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ ካሹ ለውዝና ቅመም አለ።

ከኒያሊ ኤርፖርቱ በባዶ መንገድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ድልድዩ ሲጨናነቅ ግን ከእጥፍ በላይ ይወስዳል። ከዲያኒ ከሆናችሁ ደግሞ ሾፌሩን በጀልባ ሳይሆን በዶንጎ ኩንዱ እንዲወስዳችሁ ንገሩት። በረራው ከመነሣቱ ሦስት ሰዓት ቀደም ብላችሁ እንድትደርሱ ውጡ፣ የተረፈውን ሽልንግም ኤርፖርት ሳትገቡ መንዝሩት።